የመጀመሪያው አብራሪ ሚሽካ ባቢቼፍ

ሚሽካ ባቢቼፍ ከሩሲያዊ አባታቸውና ከኢትዮጵያዊት እናታቸው በ1901 ዓ.ም. ተወለዱ። በወጣትነታቸው ዘመን ከጅቡቲ ከተማ አዲስ አበባ ለመድረስ በባቡር ሦስት ቀን መጓዝ ግድ ነበር። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ግን አንድ ፈረንሳዊ ኢትዮጵያ የገዛቻትን የመጀመሪያ አውሮፕላን ከጅቡቲ አብርሮ አዲስ አበባ ሜዳ ላይ አሳረፈ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሚሽካ በረራ ተምረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አብራሪ ሆኑ።

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ሲወር፥ የጠላት አውሮፕላኖች በመቶ የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የእኛዎቹ ግን እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ አብዛኞቹም መሣሪያ አልነበራቸውም። ሚሽካ ይህን አነስተኛ አየር ኃይል የመምራት ኃላፊነት ተሸከሙ። አውሮፕላኖቹም መልእክትና መድኃኒት ወደ ጦር ግንባር ያደርሱ ነበር። ከድል በኋላ ሚሽካ በሞስኮ በዲፕሎማትነት አገለገሉ። ካረፉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቢሆንም፥ የአየሩን መንገድ ለወገኖቻቸው የከፈቱ ሰው በመሆናቸው ስማቸው ሲታወስ ይኖራል።