ጉልዬልሞ ማርኮኒ እና የአሞራ ገደሉ ሬዲዮ

ለዚህ እትም የአንድ ሳይንቲስት የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ሲነገረኝ ማንን እንደምመርጥ ግራ ገብቶኝ ነበር። የመረጠልኝ አሞራ ገደል ነው። አንድ ቀን ወደ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ዓሣ ልንበላ ወርደን፣ ዓሣ የሚበልቱ አንድ ጋሼ በአሮጌ ትራንዚስተር ዜና ሊያዳምጡ ይታገላሉ። በመካከለኛ ሞገድ፣ ማለትም በኤ.ኤም.፣ የያዙት ጣቢያ ሲጠፋባቸው ሬዲዮዋን ሩብ ዙር አዞሯትና ድምፁ ጥርት አለ። ጥቂት ቆይቶ ጀምበር ስትጠልቅ ግን ሌላ የውጭ ጣቢያ መጥቶ ላዩ ላይ ተደረበበት። ጋሼ የኤሌክትሪካል ተማሪ መሆኔን ሰምተው ምክንያቱን ጠየቁኝ። እውነቱን ለመናገር ተንተባተብኩ። ቤት ገብቼ መጽሐፍ ሳገላብጥ ሁለቱም ጥያቄዎች ወደ አንድ ሰው ወሰዱኝ።

ጉልዬልሞ ማርኮኒ እ.ኤ.አ. አፕሪል 25 ቀን 1874 በጣሊያን ቦሎኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለጸጋ ጣሊያናዊ፣ እናቱ አይሪሽ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዲግሪ አልያዘም። የሄርዝን ሙከራ አንብቦ በአባቱ ቤት ሰገነት ላይ መሣሪያ እየገጣጠመ፣ በ1895 ሲግናሉን ከኮረብታ ማዶ አሻገረ። በማግሥቱ ዓመት ወደ እንግሊዝ ሄዶ ፓተንት ጠየቀ። እዚያ ካሳያቸው ሙከራዎች በአንዳንዶቹ ከአንቴናው ጀርባ የጎበጠ የመዳብ ሉህ አድርጎ ሞገዱን ልክ እንደ ባትሪ መብራት ወደ አንድ አቅጣጫ ይልከው ነበር። እንግዲህ አቅጣጫ ያለው ስርጭት ከሬዲዮ ጋር አብሮ የተወለደ ነገር ነው።

ይሁንና ርቀት ፈለገና ወደ ረጅም ሞገድና ወደ ረጃጅም ምሰሶ ዞረ። ዲሴምበር 12 ቀን 1901 ከእንግሊዝ ፖልዱ የተላከውን የሞርስ ሦስት ነጥብ በዛሬዋ ካናዳ ጠረፍ ላይ፣ በንፋስ በተንሳፈፈ ካይት ላይ በታሰረ ሽቦ ሰማሁ አለ። ብዙዎች ተጠራጠሩት። በ1902 ፊላደልፊያ በተባለች መርከብ ላይ ሆኖ ሲለካ ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አየ፤ ቀን ቀን ሲግናሉ የሚደርሰው 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ሌሊት ግን ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ምክንያቱን በትክክል አላወቀውም ነበር። ዛሬ እኛ እንደምንማረው ፀሐይ በምትፈጥረው የታችኛው የአዮኖስፌር ንብርብር ቀን ቀን የመካከለኛው ሞገድ የሰማይ ጉዞ ይዋጣል። ሲመሽ ንብርብሩ ይጠፋል፤ ሞገዱም ከላይኛው ንብርብር እየተንጸባረቀ አገር ያቋርጣል። የጋሼን ዜና የሸፈነው የሩቅ ጣቢያ በዚሁ መንገድ የመጣ እንግዳ ነበር።

ማርኮኒ በ1905 ገደማ አግድም የተዘረጋ አንቴና ወደ አንድ ወገን በርትቶ እንደሚያሰራጭ ተገንዝቦ በአየርላንድ የክሊፍደን ጣቢያ ሠራበት። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብራውን ሦስት አንቴና በሦስት ማዕዘን ተክሎ የአንዱን ፌዝ ከሌላው በማዘግየት አቅጣጫ መምረጥ ቻለ። ሁለቱ በ1909 የፊዚክስ ኖቤልን ተካፈሉ። የዛሬው የኤ.ኤም. ጣቢያ አቅጣጫዊ አንቴና የልጅ ልጁ የዚህ ነው። በ1,000 ኪሎ ሄርዝ የሞገዱ ርዝመት 300 ሜትር ስለሆነ የሩብ ሞገድ ምሰሶ ብቻውን 75 ሜትር ይሆናል። አንድ ምሰሶ ለሁሉም አቅጣጫ እኩል ያሰራጫል። በሩብ ሞገድ ርቀት ሁለተኛ ተክለን፣ በእኩል ከረንት፣ ፌዙን 90 ዲግሪ ብናዘገየው ሞገዱ ወደ ዘገየው ምሰሶ በኩል ይደመራል፤ በተቃራኒው በኩል ይጣፋል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ አንድ ጣቢያ በ1932 የሩቅ ጎረቤቱን ላለመረበሽ ያደረገው ይህንኑ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ማሰራጫው አንድም ዋት አልጨመረም። ለአንዱ ወገን የበዛው ከሌላው የተወሰደ ነው። አቅሙ ትንሽ ለሆነ ጣቢያ ጥሩ ብልሃት ነው፤ ባዶው አቅጣጫ ላይ ሰፈር ካለ ግን ያ ሰፈር ጣቢያው አጠገቡ ሆኖ ላይሰማ ይችላል። የጋሼም ሬዲዮ እንዲሁ ናት። ውስጧ ያለው የፌራይት ዘንግ ጫፉን ወደ ጣቢያው ሲያዞር ደንቆሮ ነው፤ ጎኑን ሲሰጥ ይሰማል።

ማርኮኒ በ1920ዎቹ ከረዳቱ ከፍራንክሊን ጋር ወደ አጭር ሞገድ ተመልሶ፣ በአነስተኛ ኃይል አህጉር የሚያቋርጥ አቅጣጫዊ ስርጭት ለእንግሊዝ ዘረጋ። በ1931 የቫቲካንን ሬዲዮ አቋቋመ።

የመጀመሪያ ረቂቄ እዚህ ጋ ያልቅ ነበር። ረቂቁን ያነበበልኝ ጓደኛዬ ግን ሰውየው በጦርነቱ ጊዜ ምን ያደርግ እንደነበር ጠየቀኝ። ፈልጌ ሳገኘው አፈርኩ። ማርኮኒ በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። በ1930 ሙሶሊኒ የጣሊያን ሮያል አካዳሚ ፕሬዚዳንት አድርጎ ሲሾመው የፋሺስቱ ታላቅ ምክር ቤት አባልነትንም አገኘ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አገራችንን ሲወር ወረራውን ደግፎ ተሟገተ። ጦሩ በሰሜንም በደቡብም ግንባር የመርዝ ጋዝ ተጠቅሟል። የዚህ የኛ አካባቢ የሲዳሞ ገዥ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ ሲዋጉ ቆይተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ። በዚያው የካቲት 12 ቀን አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ ተጨፈጨፈ። ከዚህ አምስት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 1937፣ ማርኮኒ በ63 ዓመቱ በልብ ሕመም ሮም ውስጥ ሞተ። በቀብሩ ዕለት የእንግሊዝ የሬዲዮ ጣቢያዎች ለክብሩ ሁለት ደቂቃ ጸጥ አሉ።

አንድ ቀን ሙሉ ጽሑፉን ቀድጄ ስለ ብራውን ብቻ ልጽፍ አስቤ ነበር። ኋላ ግን ተውኩት። ሰውየውን ብንደብቀው ትምህርቱ አይቀየርም፤ ሥራውን ብቻ አወድሰን ብናልፍ ደግሞ የራሳችንን ሙታን ባዶው አቅጣጫ ላይ ጥለናቸው መሄዳችን ነው። ለእኛ ለተማሪዎች የሚበጀን እኩልታውንም ሕይወቱንም ሙሉውን መማር ይመስለኛል። ነገ ማሰራጫ የምንተክል እኛ ነን፤ ምሰሶው ለማን እንደዞረ፣ ማንን እንደተወ መጠየቅ ያለብንም እኛው።

ባለፈው ቅዳሜ አሞራ ገደል ተመልሼ ለጋሼ መልሱን ነገርኳቸው፤ የፌራይቱንም፣ የሌሊቱንም፣ የሰውየውንም ታሪክ። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ ያ ሁሉ የሚሰማ ሰው የኛን ሰው ጩኸት እንዴት ሳይሰማ ቀረ ብለው ጠየቁኝ። ለዚህኛው መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም ሬዲዮዋን አዙረው ዜናቸውን ቀጠሉ።