በየእሁዱ የሚገኝ ሰው፦ ከዲ. ኤል. ሙዲ ሕይወት ለልጆች አገልጋዮች



በቤተ ክርስቲያናችሁ ልጆችን በፈቃደኝነት የምታስተምሩ፣ ወይም አንድን ልጅ እንደ ታላቅ ወንድም ወይም እንደ ታላቅ እህት ሆናችሁ የምትከታተሉ ከሆነ ይህ ጽሑፍ በተለይ ለእናንተ ነው። አገልግሎታችሁ ደመወዝ የለውም፤ መድረክም የለውም። ዋናው ጉባኤ በዝማሬ ሲሞቅ እናንተ በጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል አንዱን ስታስቀምጡ ሌላው እየተነሣባችሁ ሰዓቱ ያልቃል። ባለፈው ሳምንት ያስተማራችሁትን ጥቅስ ስትጠይቁ የሚያስታውስ ልጅ ታጣላችሁ። እንዲህ ባለው እሁድ ማታ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ብቀር ምን ይጎድላል የሚል አሳብ በልባችሁ ቢያልፍ አይደንቅም።

ለዚህ አሳብ መልስ የሚሆን የአንድ ሰው ሕይወት አለ። ዲ. ኤል. ሙዲን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በታላላቅ ስብሰባዎች ለብዙ ሺህ ሰዎች ወንጌልን የሰበከ አገልጋይ አድርጋችሁ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንመለከተው ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመኑን ነው። ማንም ሳያውቀው ማን ተከታተለው? እርሱስ በተራው እነማንን ተከታተለ?

የሄዱበትን ሰዎች የሚያውቅ ልጅ

ድዋይት ላይማን ሙዲ እ.ኤ.አ. በ1837 በአሜሪካ አገር፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ኖርዝፊልድ በምትባል የገጠር ከተማ ተወለደ። አባቱ ግንበኛ ነበረ። በ1841 ሙዲ የአራት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ በድንገት ሞተ። እናቱ ቤትሲ ሰባት ልጆች ይዛ፣ መንታ አርግዛ ቀረች። አበዳሪዎች መጥተው ያገኙትን ሁሉ ወሰዱ፤ የተከመረውን ማገዶ እንኳ አላስቀሩም። ቤቱ ከመቀዝቀዙ የተነሣ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ሰዓት እስኪደርስ ከአልጋ ሳይወርዱ የቆዩበት ቀን ነበረ። ብዙም ሳይቆይ የሁሉ ታላቅ የሆነው ልጅ ከቤት ጠፍቶ ሄደ። እናቱም ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ለብዙ ዓመታት መንገድ መንገዱን እያየች ጠበቀችው።

እንግዲህ ሙዲ ገና በልጅነቱ ሰዎች እንደሚሄዱ ያውቅ ነበር። አባት ሄደ፣ ታላቅ ወንድም ሄደ። በክፍላችሁ ከተቀመጡት ልጆች መካከል እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቅ የለም ትላላችሁ? እንዲህ ያለ ልጅ ትምህርታችሁን ከመስማቱ በፊት፣ እናንተስ ትቆያላችሁ ወይስ ትሄዳላችሁ የሚለውን ይመለከታል።

ሙዲ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ከቤት ርቆ ግሪንፊልድ በምትባል ከተማ እንዲሠራ ተላከ። በናፍቆት ሲያለቅስ አንድ ሽማግሌ በመንገድ አገኘው። ሽማግሌው እየተንቀጠቀጠ እጁን በራሱ ላይ ጫነ፤ በሰማይ ስላለው አባት ነገረው፤ አንዲት አዲስ ሳንቲምም ሰጠው። ወደ ከተማዋ ለሚመጣ አዲስ ልጅ ሁሉ እንዲሁ ያደርግ ነበር። ሙዲ ሳንቲሟ የት እንደገባች ባያውቅም የዚያን ሰው እጅ ግን ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም።

ቦታውን ገልጦ የሰጠው አስተማሪ

ሙዲ 17 ዓመት ሲሆነው ሥራ ፍለጋ ወደ ቦስተን ሄደ። ፈልጎ ሲያጣ ጫማ ነጋዴ የሆነው አጎቱ ሳሙኤል ሆልተን በሱቁ ቀጠረው። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያንና ሰንበት ትምህርት ቤት እንዲሄድ ቃል አስገባው። ሙዲም በማውንት ቬርነን ቤተ ክርስቲያን ኤድዋርድ ኪምቦል በሚባል ሰው ክፍል ገባ። ኪምቦል መጋቢ አልነበረም፤ ዝነኛ ሰባኪም አልነበረም። በእሁድ ቀን ወጣቶችን የሚያስተምር ተራ አማኝ ነበረ።

በዚያ ክፍል የዮሐንስን ወንጌል እንዲያወጡ ሲነገራቸው፣ ሙዲ ከመጽሐፉ መጀመሪያ፣ ከዘፍጥረት አካባቢ ይፈልግ ጀመር። የከተማ ልጆች የሆኑት ጓደኞቹ እየተያዩ ሣቁበት። ኪምቦል ግን አንዳች ሳይናገር የራሱን መጽሐፍ ቅዱስ ቦታው ላይ እንደተገለጠ ሰጥቶት የእርሱን ተቀበለው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ሆኖም ያ ወጣት ያን ዕለት አፍሮ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ በሚቀጥለው እሁድ ይመለስ ነበር?

አንድ ዓመት ያህል አለፈ። በሙዲ ላይ የሚታይ ለውጥ አልነበረም። ኪምቦል ግን ለዚህ ወጣት ሸክም አድሮበት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1855 ወደ ጫማ ሱቁ ሄደ። ደጃፉ ሲደርስ ፈራ፤ በሥራ ሰዓት ገብቼ በባልደረቦቹ ፊት አሳፍረው ይሆን ብሎ አመነታ። እያሰበ ሱቁን አልፎት ሄደ፤ ከዚያ ተመልሶ ገባ። ሙዲን ከኋላ በኩል ጫማ ሲጠቀልል አገኘው። እጁን በትከሻው ላይ አድርጎ ስለ ክርስቶስ ፍቅር ነገረው። የተናገረው ቃል ደካማ እንደነበረ ኪምቦል ራሱ በኋላ ተናግሮአል። ሙዲ ግን በዚያች ስፍራ ልቡን ለጌታ ሰጠ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገረውን ልብ በሉ። በሚቀጥለው ወር ሙዲ የቤተ ክርስቲያን አባል ለመሆን ሲጠይቅ ተመረመረ፤ ክርስቶስ ምን እንዳደረገለት ሲጠይቁት ግን በቅጡ መመለስ አቃተው። ሽማግሌዎቹም አባልነቱን አዘገዩት፤ የሚያስተምሩትንም ሰዎች መደቡለት። የተቀበሉት በ1856 ነው። ከሱቁ በኋላም እንግዲህ ሌላ አንድ ዓመት ትዕግሥት ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። ኪምቦል ራሱ፣ ወደ ክፍሉ ከመጡት ሁሉ እንደ ሙዲ አእምሮው በመንፈሳዊ ነገር የጨለመ ጥቂት እንደነበረ መስክሮአል። ያልጠበቀው ልጅ ነበር፤ ግን አልተወውም።

ማስተማር ያልቻለው፣ መሄድ ግን የቻለው

በ1856 ሙዲ ወደ ቺካጎ ሄደ። በዚያም ጫማ እየሸጠ፣ 100,000 ዶላር የማጠራቀም ሕልም ነበረው። በዌልስ ጎዳና በሚገኝ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልርዳ ብሎ ጠየቀ። አስተማሪ ሞልቶ ተማሪ ያነሰበት ስፍራ ስለነበረ፣ የራስህን ተማሪዎች ካመጣህ ትችላለህ አሉት። በሚቀጥለው እሁድ 18 የመንገድ ልጆች፣ ብዙዎቹ ባዶ እግራቸውን፣ አስከትሎ ገባ። ማስተማሩን ግን ለሌሎች ተወ፤ እርሱ አልችልም ብሎ ያምን ነበርና። ትምህርቱ ጥቂት ነበር፤ በጽሑፉ ፊደል ሲያሳስት የኖረ ሰው ነው።

በኋላም የራሱን የሰንበት ትምህርት ቤት በተተወ መጠጥ ቤት ውስጥ ጀመረ፤ ቦታው ሲጠበው ኖርዝ ማርኬት ወደሚባለው አዳራሽ አዛወረው። አዳራሹ ቅዳሜ ማታ ይጨፈርበት ስለነበረ ሙዲ እሁድ በማለዳ የቢራ በርሜሎችን እያንከባለለ ያወጣና ወለሉን ያጸዳ ነበር። ከዚያ በድሆች ሰፈር እየዞረ ልጆቹን ይጠራል። በኪሱ ከረሜላ ይይዛል፣ በድንክ ፈረሱም ያፈናጥጣቸዋል። ሰዎች እብዱ ሙዲ ይሉት ነበር። ሥራው ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ መሸጥ በሆነበት ጊዜ እንኳ ለእሁድ ቺካጎ ለመድረስ ይጣጣር ነበር። ልጆቹ ይጠብቁታልና።

ከመጀመሪያዎቹ መካከል በቅጽል ስማቸው ብቻ የሚታወቁ ነበሩ፤ አንዱ ቀይ ዓይን፣ ሌላው ቡትቶ ሱሪ ይባል ነበር። ሙዲ ለጥቂቶቹ፣ እስከ ገና ድረስ እሁድ ሳትቀሩ ከመጣችሁ አዲስ ሙሉ ልብስ አለብሳችኋለሁ አላቸው። አብዛኞቹ ቃላቸውን ጠበቁ፤ እርሱም ቃሉን ጠበቀ። በቡትቶአቸውና በአዲሱ ልብሳቸው ሆነው የተነሡአቸው ፎቶግራፎች እስከ ዛሬ አሉ። ሙዲ ከልጆቹ አለመቅረትን ሊጠይቅ የቻለው አስቀድሞ እርሱ ስላልቀረ ነው። ትምህርት ቤቱም ከ600 በላይ ልጆች የሚገኙበት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1860 አዲሱ ተመራጭ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ሳይቀር መጥቶ ጎበኘው።

አሥሩ ቀናት

ይሁን እንጂ ሙዲ በዚያን ጊዜ ደስ የሚለው ቁጥሩ እንደነበረ ራሱ ተናዝዞአል። ልቡን የለወጠው አንድ ሕመምተኛ አስተማሪ ነው። ይህ ሰው እጅግ የሚያስቸግሩ ልጃገረዶችን ያስተምር ነበር። አንድ እሁድ ታሞ ሲቀር ሙዲ ተክቶት ገባ፤ ልጃገረዶቹ ፊት ለፊቱ ስለሣቁበት በሩን ከፍቶ ሊያባርራቸው ምንም አልቀረውም።

በዚያው ሳምንት አስተማሪው ገርጥቶና ዝሎ ወደ ሙዲ መጣ። ሳንባው ደም ይፈስሰው ነበር፤ ሐኪሙ በቺካጎ አየር እንደማይተርፍ ነግሮት፣ ሊሞት ወደ እናቱ ቤት መመለሱ ነበር። ያስጨነቀው ግን ሞቱ አልነበረም። ከተማሪዎቹ አንዲቱን እንኳ ወደ ጌታ እንዳላመጣ ማሰቡ ነበር። ሙዲም ሄደህ ንገራቸው ብሎ ሠረገላ ተከራይቶ አብሮት ወጣ። በየቤታቸው ገብተው አንድ በአንድ አነጋገሩአቸው፤ ጸለዩላቸው። ሰውዬው ሲደክም ያርፋል፣ በማግሥቱ ደግሞ ይወጣል። በአሥር ቀን ውስጥ የመጨረሻዋ ልጅ ሳትቀር ለክርስቶስ ልባቸውን ሰጡ። ሊሄድ ሲል ባለው ምሽት ተሰብስበው አብረው ጸለዩ፤ በማግሥቱም ሳይቀጣጠሩ ሁሉም በባቡር ጣቢያ ተገኝተው ሸኙት።

ሙዲ ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞው ንግዱ በሙሉ ልቡ ሊመለስ አልቻለም። በ1860 ንግዱን ተወ፤ የ100,000 ዶላሩም ሕልም በዚያው ቀረ። የቀረውን ታሪኩን ታውቁታላችሁ። በ1862 ራስዋም የሰንበት ትምህርት አስተማሪ የነበረችውን ኤማ ሬቨልን አገባ። የልጆቹ ትምህርት ቤት አድጎ በ1864 ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከ1873 እስከ 1875 ከዘማሪው አይራ ሳንኪ ጋር በብሪታንያ ሰበከ። እርሱ ያላገኘውን ትምህርት ድሆች ልጆች እንዲያገኙ በ1879 ለሴቶች፣ በ1881 ለወንዶች ትምህርት ቤት ከፈተ። በዲሴምበር 22 ቀን 1899 በተወለደባት ኖርዝፊልድ ወደ ጌታ ሄደ። ከዚያ በፊት ግን የኪምቦልን ውለታ የሚመልስበት ዕድል አግኝቶ ነበር፤ የአስተማሪውን ልጅ፣ ገና በወጣትነቱ፣ ሙዲ ራሱ ወደ ክርስቶስ መራው።

እኛስ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ልጅን የሚይዘው የትምህርታችን ጥራት ብቻ አይደለም። ኪምቦል ቃሉ ደካማ ነበረ፤ ሙዲ ማስተማር አልችልም ይል ነበረ። ሁለቱም ግን ተገኙ። የሚሄዱበትን ሰዎች የለመደ ልጅ ፍቅርን የሚያውቀው በመመለሳችሁ ነው። ስለዚህ ቃል ከመግባታችሁ በፊት አስቡ፤ ወር በገባ አንድ እሁድ ብቻ ከቻላችሁ አንዱን እሁድ ግቡ፤ በገባችሁበት ግን አትቅሩ። መቅረት ግድ ሲሆንም አስቀድማችሁ ለልጁ ንገሩት።

ሁለተኛ፣ በክፍል መገኘት ብቻውን አይበቃም። ኪምቦል ወደ ሱቁ ሄደ፤ ሕመምተኛው አስተማሪ በየቤቱ ሄደ። ያ አስተማሪ ይህን ያሰበው ሞት ደጅ ላይ ሲቆም ነበር። እኛ ግን ጤና ሳለን፣ የወላጆችን ፈቃድ ጠይቀን፣ የእያንዳንዱን ልጅ ቤት ማወቅ እንችላለን።

ሦስተኛ፣ ፍሬው ሲዘገይ አትድከሙ። አንዱ ይተክላል፣ ሌላው ያጠጣል፣ የሚያሳድገው ግን እግዚአብሔር ነው (1ኛ ቆሮንቶስ 3፥6)። በጊዜውም እንደምናጭድ ተስፋ ተሰጥቶናል (ገላትያ 6፥9)።

በአዲስ አበባም ሆነ በክፍለ ሀገር፣ አማርኛው በማይቀናቸው ልጆች መካከል በዋሽንግተን ወይም በለንደን የምታገለግሉ ወገኖች፣ ኪምቦል ያን ቅዳሜ ሱቁን አልፎ ከሄደ በኋላ ባይመለስ ኖሮ ማንም አይወቅሰውም ነበር። መቅረቱንም የሚያውቅ አልነበረም። የእናንተም ክፍል እንዲሁ ነው፤ ከጌታና ከልጆቹ በቀር የሚቆጥር የለም። በሚቀጥለው እሁድ ግን በሩን ስትከፍቱ አንድ ልጅ ቀና ብሎ ያያል፤ የመጣችሁት እናንተ መሆናችሁን ያረጋግጣል።

እንግዲህ ሂዱና ተገኙ። ጌታ አገልግሎታችሁን ይባርክ።