ማርሴል ግሪዮልና የልጆቻችን ጨዋታ

ጨዋታ ሲባል ብዙ ሰው የልጆች ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አድርጎ ይገምተዋል። አንድ አዋቂ ሰው ስለ ጦርነት፣ ስለ መንግሥትና ስለ ሃይማኖት ሲመራመር ቢውል ይመሰገናል፤ እረኞች መሬት ምሰው በጠጠር ሲጫወቱ አጠገባቸው ተቀምጦ ሕጉን ሲጽፍ ቢታይ ግን ይሳቅበታል። ዛሬ ታሪካቸውን በአጭሩ የምናቀርብላችሁ ሰው ይህንኑ የሚያስቅ የመሰለውን ሥራ ከቁም ነገር ቆጥረው በጎጃም ደጋ የተቀመጡ፣ ኋላም ለታላቅ የትምህርት ማዕርግ የበቁ ናቸው። ስማቸው ማርሴል ግሪዮል ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት፣ የእኛ መሆናቸውን ካላመለከትን በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ግሪዮል በ1898 በፈረንሳይ አገር ኤዚ ሱር አርማንሶን በምትባል ትንሽ መንደር ተወለዱ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ባልበረደበት በ1917 ትምህርታቸውን አቋርጠው በፈቃዳቸው ወደ መድፈኛ ጦር ገቡ፤ ቆይተውም ወደ አየር ኃይል ተዛወሩ። ከውትድርናው ከተሰናበቱ በኋላ ግን ልባቸው ወደ ሌላ ትምህርት አዘነበለ። በፓሪስ ወደሚገኘው የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ገብተው አማርኛና ግዕዝ ተማሩ። የአማርኛ መምህራቸው ቀደም ብለው፣ በ1910 እና በ1911፣ በኢትዮጵያ ተዘዋውረው ቋንቋዎቻችንን ያጠኑት ማርሴል ኮኸን ነበሩ። የሕዝቦችን ልማድና ባህል የሚመረምረውን ትምህርት ደግሞ ከታወቁት ሊቅ ከማርሴል ሞስ ቀሰሙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። እኚህ ሰው ወደ አገራችን ከመምጣታቸው በፊት ቋንቋችንን ለማወቅ ደክመዋል። በአስተርጓሚ ብቻ የሚሠራ መንገደኛ የሚሰማው ለእርሱ የተነገረውን ነው፤ ቋንቋ የሚያውቅ ግን ልጆች እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ ይሰማል። የጨዋታ ሕግ ደግሞ ጎልቶ የሚወጣው በክርክር ጊዜ ነው።

ግሪዮል በ1928 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እስከ 1929 ድረስ፣ ማለትም በእኛ 1921 ዓ.ም. ግድም፣ በጎጃም ቆዩ። በዚያን ጊዜ ጎጃምን ይገዙ የነበሩት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ሲሆኑ፣ መቀመጫቸውም ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ ነበረች። ዛሬ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአንድ ቀን ደብረ ማርቆስ የሚገባ ተማሪ የዚያን ዘመን መንገድ በቀላሉ ሊገምተው አይችልም። መንገደኛው የዓባይን በረሃ በበቅሎ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን በበቅሎ መውጣት ነበረበት። ግሪዮል ይህን የጎጃም ጉዟቸውን የሚተርክ መጽሐፍ በ1934 አሳትመዋል።

ጎጃም የቅኔ አገር፣ የሊቃውንትና የደብተሮች አገር መሆኑ የታወቀ ነው። ግሪዮልም ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1930 የአንድ ደብተራን የመድኃኒትና የአስማት መጽሐፍ ተርጉመው አወጡ። ይሁን እንጂ ዓይናቸው በብራናው ላይ ብቻ አልቀረም። ከደብተራው ጎጆ ውጭ፣ በመስኩ ላይ የሚጫወቱትን ልጆችም ተመለከቱ። በኢትዮጵያ ሳሉ ያዩትንና እየጠየቁ የተረዱትን ጨዋታ ሁሉ አሰባስበው በ1935 ስለ ሐበሻ ጨዋታዎችና መዝናኛዎች አንድ ራሱን የቻለ መጽሐፍ በፓሪስ አሳተሙ።

ይህ ሥራ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ለመረዳት ገበጣን ለምሳሌ እንውሰድ። ገበጣ ለመጫወት መሬትና ጠጠር ይበቃል። በሁለት ወይም በሦስት ረድፍ ጉድጓድ ይማሳል፤ በየጉድጓዱም እኩል ጠጠር ይገባል። ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠሩን ዘግኖ በየቀጣዩ ጉድጓድ አንድ አንድ እየጣለ ይዞራል፤ የመጨረሻው ጠጠር እንደ ወደቀበት ሁኔታም ወይ ይበላል፣ ወይ ይቀጥላል፣ ወይ ተራውን ይለቃል። ይህን ያህል ለማወቅ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ነገር ግን ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ሲሄዱ የጉድጓዱ ቁጥር ይለወጣል፣ የጠጠሩ ብዛት ይለወጣል፣ የመብላቱም ሕግ ይለወጣል። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣ ዓይነቶችን ዘርዝረዋል። የአንዱ መንደር ልጅ የሌላውን ሕግ ሲወርስ እንደ ወደደው አሻሽሎታል፤ ያሻሻለውንም ለባልንጀራው ሲያሳይ ዋጋ አልጠየቀበትም።

ሰንጠረዥም ቢሆን እንዲሁ የራሱ ጠባይ ነበረው። በቀድሞው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ሁለቱ ተጫዋቾች መጀመሪያ ላይ ተራ ሳይጠባበቁ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይህም ወረራ ይባል ነበር። አንዱ ወገን የሌላውን ሲበላ ወረራው ያበቃና በየተራ መጫወት ይጀመራል። ይህን ሕግ በጊዜው ጽፎ ያቆየ ሰው ባይኖር ኖሮ ከመኳንንቱ አዳራሽ ጋር አብሮ በጠፋ ነበር። በገና ዕለት በዱላና በሩር የሚደረገው ጨዋታ፣ ሴቶች ልጆች ጠጠር እየቀለቡ የሚጫወቱት ቅልብልቦሽ፣ ድብብቆሹ፣ ሰኞ ማክሰኞው፣ ማታ በምድጃ ዙሪያ የሚጠየቀው እንቆቅልሽ፣ ይህ ሁሉ የየራሱ ወራት፣ የየራሱ ሕግና የየራሱ ስም አለው። የሚጽፈው ካላገኘ ግን ከሚያውቀው ሽማግሌ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል።

የግሪዮል ሕይወት ግን ምስጋና ብቻ የሚገባው አይደለም፤ እውነቱን ሳንሸሽግ እንናገር። በ1931 የፈረንሳይ ምክር ቤት በልዩ ሕግ ገንዘብ ፈቅዶላቸው ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን የሚያቋርጥ ትልቅ ጉዞ መሩ። ለዚሁ ጉዞ ገንዘብ ለማዋጣት የዓለም ሻምፒዮን የነበረው የፓናማ ተወላጅ አል ብራውን በፓሪስ የቡጢ ግጥሚያ አድርጓል። ጓዶቹ ተጉዘው በ1932 ጎንደር ደረሱና ለወራት ተቀመጡ። በዚያም ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የጥንቱን ሥዕል አንሥተው፣ በምትኩ ከእነርሱ ጋር የነበረው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራውን ቅጂ አኖሩ። ዋናው ሥዕል ወደ ፓሪስ ተወሰደ፤ ዛሬም ኬ ብራንሊ በሚባለው ሙዚየም ይገኛል። ከዚህ ጉዞ ወደ ፈረንሳይ የተጋዘው ዕቃ ከ3 ሺህ በላይ ነበር። የጉዞው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1934 ባሳተሙት የዕለት ማስታወሻ፣ በመንገድ ላይ ከተሰበሰበው ዕቃ አንዳንዱ በማስገደድ፣ አንዳንዱም በስርቆት እንደተወሰደ ሳይሸሽጉ ገልጸዋል። ሙዚየሙ ራሱ በ2025 ከአፍሪካ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ባሳየው ኤግዚቢሽን ይህንኑ ጉዳይ እንደገና መርምሮታል።

እንግዲህ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ሁለት ዓይነት መሰብሰብ አየን። ሥዕሉ ከጎንደር ሲወሰድ ፓሪስ አገኘች፤ ጎንደር ግን አጣች። የገበጣ ሕግ ተጽፎ ወደ ፓሪስ ሲሄድ ግን ፓሪስም አገኘች፣ የጎጃም እረኛም ምንም አላጣም፤ በማግሥቱ በዚያው ጉድጓድ፣ በዚያው ጠጠር ይጫወታል። ጨዋታ ሲያካፍሉት የማይጎድል ሀብት ነው። የሚጎድለው የደበቁት ዕለት ወይም የረሱት ዕለት ብቻ ነው።

ይህ ነገር በእረኛ ጨዋታ ብቻ የሚታይ እንዳይመስለን። በ1980ዎቹ ዶስ በሚባለው ሥርዓት የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች በዓለም ሲስፋፉ ብዙ ጨዋታ ተጽፎላቸው ነበር። በ1994 የዶስ ባለቤት የነበረው ኩባንያ ሥርዓቱን ወደ መተው ሲያዘነብል፣ ጂም ሆል የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ ፍሪዶስ የሚባል፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ምትክ ለመሥራት ተነሣ። ብዙ ሰዎችም በየአገራቸው ሆነው አገዙት። ፍሪዶስ ዛሬ ሲታደል ከነጨዋታዎቹ ነው፤ የፈለገ ያለ ዋጋ ይወስዳል፣ ኮዱን ያነብባል፣ ያሻሽላል፣ መልሶም ያድላል። በ1993 የወጣውና በዓለም የታወቀው ዱም የሚባለው ጨዋታም ኮዱ በ1997 ለሕዝብ በመከፈቱ ሌሎች እየጠገኑ በየጊዜው በሚለዋወጠው ኮምፒዩተር ላይ አቆይተውታል። ኮዱ ተቆልፎ ባለቤቱ የተወው ጨዋታ ግን ማሽኑ ሲያረጅ አብሮ ያረጃል። የጎጃም ልጅ በገበጣው ላይ ሲያደርገው የኖረውን፣ የኮምፒዩተር ሰዎች ኋላ በሕግና በፈቃድ ጽፈው አጸኑት ማለት ይቻላል።

ወደ ግሪዮል ታሪክ እንመለስ። ኢጣልያ በ1935 አገራችንን በወረረች ጊዜ ግሪዮል ዝም አላሉም፤ በ1936 ለኢትዮጵያ ወግነው የሚከራከሩበትን መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ብዙዎች ዝምታን መርጠው ስለነበር ይህ ሥራቸው ሊዘነጋ አይገባውም። ከዚያ በኋላ ግን ምርምራቸው ወደ ምዕራብ አፍሪካ፣ ዛሬ ማሊ በምትባለው አገር ወደሚኖሩት ወደ ዶጎን ሕዝብ ዞረ። በ1938 ስለ ዶጎን ጭምብሎች የጻፉትን ዋና የዶክትሬት ጽሑፍ ሲያቀርቡ፣ ተጓዳኝ ጽሑፍ ያደረጉት የዶጎንን ጨዋታዎች ነበር። በኢትዮጵያ መስክ የጀመሩትን ሥራ በሌላው የአፍሪካ ጫፍም ቀጠሉበት ማለት ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በሶርቦን ዩኒቨርሲቲ የዚህ ትምህርት የመጀመሪያው ባለወንበር ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1946 ኦጎተሜሊ ከሚባሉ ዓይነ ስውር የዶጎን ሽማግሌ ጋር ለ33 ቀናት ተነጋግረው ያገኙትን በ1948 በመጽሐፍ አወጡ፤ መጽሐፉም ዝናቸውን በዓለም አናኘው። ኋላ በዚያው አገር የሠሩ ተመራማሪዎች ግን ከአንድ ሽማግሌ አፍ የተሰማው ሁሉ የሕዝቡ ሁሉ እምነት ሊባል እንደማይችል አሳይተዋል። ይህም ለተማሪ ትልቅ ምክር ነው፤ አንድ ምስክር አይበቃም።

ግሪዮል በየካቲት ወር 1956፣ በ57 ዓመታቸው፣ በፓሪስ ዐረፉ። ዶጎኖች አስከሬናቸው በሌለበት በአገራቸው ወግ ልቅሶ አደረጉላቸው። በዚያ አገር ልማድ ገበሬ ሲሞት ከእንግዲህ መሬት እንደማይቆፍር ለማመልከት መቆፈሪያው ይሰበራል። ዶጎኖችም ለግሪዮል የሰበሩላቸው ዘወትር በእጃቸው ያዩት የነበረውን ዕቃ ነው፤ እርሱም እርሳስ ነበር።

ወጣት አንባቢያችን ሆይ፤ ያ እርሳስ ዛሬ በአንተና በአንቺ እጅ ነው። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ፣ በሞጣ፣ በቢቸና፣ በደጀንና በየወረዳው በሥራ የተመደባችሁ ሁሉ፣ ግሪዮል ከሩቅ አገር በበቅሎ መጥተው የፈለጉት ሀብት ከቢሮአችሁ ደጃፍ ይገኛል። ጉድጓዱ ስንት ነው? ጠጠሩ ስንት ነው? መብላቱ ምን ይባላል? በየትኛው ወር፣ ማን ከማን ጋር ይጫወተዋል? ይህን ከሁለትና ከሦስት ሰው ጠይቆ መጻፍ ደመወዝ አይጠይቅም። የተጻፈውንም አንድ ቅጂ በዚያው መንደር ትምህርት ቤት መተው ይገባል። የኮምፒዩተር ትምህርት ያለው ደግሞ ገበጣውን በኮምፒዩተርና በስልክ እንዲጫወቱት አድርጎ ይሥራው፤ ኮዱንም ክፍት ይተውለት። የልጆቻችንን ጨዋታ ለማወቅ በፈረንሳይኛ የተጻፈ መጽሐፍ ብቻ የምንገልጥበት ቀን እንዳይመጣ እናስብበት።