ኢብን አል-ሃይሠም፦ የሁለት ዓይኖችን ምስጢር የመረመረው ሰው

እህቴ፣ አል-ዒዳቢ ባለው ቤት ጣሪያ ላይ ልብስ ስታሰጪ፣ ጣትሽን አፍንጫሽ ፊት አቁሚና ማዶ ያለውን ተራራ ተመልከቺ። ጣትሽ ሁለት ሆና ትታይሻለች። ይህን ነገር ከሺህ ዓመት በፊት አጥብቆ የመረመረው ኢብን አል-ሃይሠም ነው።

በ965 እ.ኤ.አ. ገደማ ባስራ ተወለደ። የእኛን ዓባይ ጎርፍ መግታት ይቻላል ማለቱን የሰማው የግብፅ ገዥ አል-ሐኪም ወደ ካይሮ እንዳስጠራው ይተረካል። እስከ አስዋን አካባቢ ሄዶ ሲያይ ግን ከአቅሙ በላይ ሆነበት። የገዥውን ቁጣ ፈርቶ እብድ መሰለ፤ አል-ሐኪም በ1021 እስኪሞት ድረስም ቤት ተዘግቶበት ኖረ ይባላል። ኪታብ አል-መናዚር የተባለውን ሰባት ክፍል ያለው መጽሐፉን የጻፈው በእነዚያ ዓመታት እንደሆነ ይነገራል። በ1040 ገደማ ካይሮ ውስጥ አረፈ።

በመጽሐፉ አንድ ሙከራ አለ። ሰሌዳ ላይ ትንንሽ የሰም ምሰሶዎች አቆመ። ሁለቱ ዓይኖች አንዱን ትኩር ብለው ሲያዩ እሱ አንድ ሆኖ ይታያል፤ ከእሱ የቀረበውና የራቀው ግን ድርብ ይሆናል።

ዛሬ በመነጽር የምናየው አንዳንድ የስሪዲ ፊልምም የሚቀረጸው እንደ ሁለት ዓይን ጎን ለጎን በቆሙ ሁለት ካሜራዎች ነው። የዓይኖቻችን ርቀት 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ካሜራዎቹ ሲራራቁ ጥልቀቱ ይጨምራል። ከልክ ካለፈ ግን ዓይን ሁለቱን ምስሎች ማገጣጠም ያቅተዋል፤ ራስ ምታት ይመጣል።

ስለዚህ ከማዳምሽ ልጆች ጋር እንዲህ ያለ ፊልም ስታዪ ዓይንሽን ካደከመሽ፣ ጥፋቱ የካሜራው አቀማመጥ ሊሆን ይችላል። መነጽሩን አውልቂና ማዶ ተራራውን እያየሽ ዓይንሽን አሳርፊ።