ቱልዮ ካምፓኞሎ፦ ጎማና ማርሽን ያቆራኘና የለያየ ሕይወት

ቆየት ያለ የእሽቅድምድም ብስክሌትን ወደ ቀድሞ ይዞታው ለመመለስ የሚነሣ ሰው ዘወትር ሁለት ጥያቄዎችን ለያይቶ ያነሣል፤ የትኛው ጎማ ይግጠም፣ የትኛውስ ማርሽ? የጣሊያናዊው የቱልዮ ካምፓኞሎ ሕይወትና ሥራ ሲመረመር ግን እርሱ በሠራባቸው የመጀመሪያዎቹ ሃያ ዓመታት ሁለቱ አንድ ጥያቄ እንደ ነበሩ ይታያል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካምፓኞሎ በ1901 በሰሜን ጣሊያን በቪቼንዛ ከተማ ተወለደ። አባቱ የብረታ ብረት ዕቃዎች መደብር ነበራቸው። በ1920ዎቹ በአማተርነት በብስክሌት ይወዳደር ነበር፤ ስሙን ያስጠራው ግን የውድድር ውጤቱ አይደለም።

በዚያ ዘመን የመንገድ ብስክሌት የኋላ ጎማ በግራና በቀኝ የተለያየ የጥርስ ብዛት ያላቸውን ፒኞኖች ይሸከም ነበር። ተወዳዳሪው ዳገት ሥር ሲደርስ ይወርድና ባለክንፍ ዳዶዎቹን ፈትቶ ጎማውን ያወጣል፤ ገልብጦም ትልቁን ፒኞን ወደ ሰንሰለቱ ያዞራል፤ ከዚያም መልሶ ያጠብቃል። ማርሽ መቀየር ማለት ጎማ ማውጣት ማለት ነበር። በሰፊው እንደሚተረከው ካምፓኞሎ በክሮቼ ዳውኔ ተራራ መተላለፊያ ላይ በበረዶ ሲወዳደር ጣቶቹ ደንዝዘው ዳዶውን መፍታት ተሳነው፤ ጎማን ያለ መፍቻ ባንድ እጀታ የሚያላቅቀው ባለ ክፍት ዘንግ መሣሪያም ከዚህ ችግር ተወለደ። የፈጠራ ባለመብትነቱም ብዙ ጊዜ ከ1930 ጋር ይያያዛል። አንዳንድ የብስክሌት ታሪክ ጸሐፊዎች ትረካውንም ባለመብትነቱንም ተጠራጥረዋቸዋል። ጥርጣሬው ቀላል የሚባል አይደለም፤ ሆኖም ችግሩ በዘመኑ ብስክሌቶች ላይ ስለሚታይ የትረካው መጽናት ወይም መፍረስ ለጥገና ሥራ የሚያመጣው ለውጥ የለም።

በ1933 በስሙ የሚጠራውን ድርጅት በቪቼንዛ አቋቋመ። ቀጥሎ የሠራው ካምቢዮ ኮርሳ የተባለው ማርሽ መቀየሪያ ጎማውን ራሱን የማርሹ አካል አደረገው። ከኮርቻው ወደ ኋላ ዘንግ በሚወርደው የፍሬም ቱቦ ላይ ሁለት እጀታዎች አሉ፤ አንደኛው እየሄዱ ሳለ የጎማውን ዘንግ ያላላል፣ ሁለተኛው ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲመታ ሰንሰለቱን ከፒኞን ወደ ፒኞን ይገፋል። የሰንሰለቱን ርዝመት የሚያስተካክል ተጨማሪ መዘውር ስለሌለ ጎማው በዘንጉ መቀመጫ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። እንዳይጣመምም መቀመጫውና ዘንጉ በጥርስ ይያያዛሉ። ጂኖ ባርታሊ የ1948ቱን ቱር ደ ፍራንስ ያሸነፈው በዚህ ማርሽ ነው፤ አሠራሩን ዛሬ ለሚያይ ሰው ድፍረቱ ያስገርማል።

የጥገናው ክብደትም እዚሁ ላይ ነው። የሰንሰለቱ ጥርስ ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንድ ጥርስ በተጨመረ ቁጥር ጎማው 3.2 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት መሄድ አለበት፤ በትንሹና በትልቁ ፒኞን መካከል የ10 ጥርስ ልዩነት ካለ 32 ሚሊ ሜትር ያህል ማለት ነው። ስለዚህ የፒኞኖቹን ልዩነት የሚወስነው የጋላቢው ጉልበት ብቻ ሳይሆን የመቀመጫው ርዝመትም ነው። ተራ ጎማ የገጠመ ሰው ማርሹን ያጣዋል፤ ጥርሶቹን በሞረድ ያስወገደ ሰው ደግሞ የፍሬሙን ዕድሜ የሚመሰክረውን ማስረጃ ይሰርዛል። የተሞረደን ጥርስ መልሶ ማብቀል አይቻልም።

ካምፓኞሎ ራሱ ይህን ቁርኝት አፈረሰው። በ1949 ለእይታ ያቀረበውና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ የበቃው ግራን ስፖርት በአራት ማዕዘን ማጠፊያ የሚንቀሳቀስና ሰንሰለቱን በመዘውሮች የሚወጥር ነበር። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ የፈረንሳዩ ኒቬክስ ከጦርነቱ በፊት ተመሳሳይ ማጠፊያ ተጠቅሟል። የካምፓኞሎ ድርሻ ለውድድር የሚበቃ ጽናትና ጥራት መስጠቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ጎማው ባለበት ረግቶ መቀመጥ ቻለ።

የምርጫ ነጻነቱ ግን ሙሉ አልነበረም። በ1958 የወጣው ሬኮርድ የፔዳል ክራንክ ከ44 ጥርስ ያነሰ ክብ አይቀበልም ነበር፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተተካው ግን እስከ 41 ይወርዳል። ከኋላ 26 ጥርስ ቢገጠምና የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ቢሆን አንድ የፔዳል ዙር በመጀመሪያው 3.55፣ በሁለተኛው 3.31 ሜትር ያህል ያስኬዳል። በረጅም ዳገት ላይ ይህ ለጉልበት ትልቅ እፎይታ ነው፤ ነገር ግን የ1960 ብስክሌት ላይ የኋለኛውን ክራንክ መግጠም ያለ ዘመኑ ማልበስ ይሆናል። ለአምስት ፒኞን በ120 ሚሊ ሜትር ስፋት የተሠራን ፍሬም ለስድስት ፒኞን ወደ 126 መለጠጥም ያው ነው። ለመንዳት የሚጠገንና ለማስረጃ የሚጠገን ብስክሌት በዚህ ነጥብ ላይ መንገዳቸው ይለያያል፤ የተሻለው አካሄድ የሚፈቱትን ክፍሎች ብቻ ቀይሮ ነባሮቹን ማስቀመጥና ፍሬሙን አለመንካት ይመስላል።

ካምፓኞሎ በኋለኛ ዘመኑ ለእሽቅድምድም መኪናዎች የማግኒዚየም ቸርኬዎችን፣ በጎንዮሽም የወይን ጠርሙስ መክፈቻ ሠርቷል። በ1983 መጀመሪያ፣ ድርጅቱ 50 ዓመት በሞላበት ዓመት፣ ሲያርፍ አመራሩን ልጁ ቫለንቲኖ ተረከበ።