ኒኮላይ ቫቪሎቭ፦ ዘርን ለትውልድ ያቆዩ ሊቅ

ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1887 በሞስኮ ተወለዱ። በዚያው ከተማ የግብርና ትምህርታቸውን በ1911 አጠናቀቁ፤ ቀጥሎም ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው በዘመኑ ገና አዲስ የነበረውን የዘረመል ሳይንስ ከዊሊያም ቤትሰን ዘንድ ቀሰሙ። አገራቸው በድርቅና በረሃብ በተደጋጋሚ ትጠቃ ስለነበር፣ ድርቅንና በሽታን የሚቋቋም ሰብል መፈለግ የዕድሜ ልክ ተግባራቸው ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1920 ይፋ ያደረጉት ሕግ፣ ዝምድና ያላቸው ዕፅዋት ተመሳሳይ የባሕርይ ልዩነቶችን እንደሚያሳዩ ያስረዳል። የእነዚህ ልዩነቶች ምንጭ የዘረመል ለውጥ ወይም ሚውቴሽን ነው፤ ይኸውም በተክሉ ዘረመል ላይ በድንገት የሚደርስና በዘር ሊተላለፍ የሚችል ለውጥ ነው። አንዳንዱ ለውጥ ተክሉን ይጎዳል፤ አንዳንዱ ከቶ አይታይም፤ አልፎ አልፎ ግን ለሰው የሚበጅ ጠባይ ያስገኛል። ዛሬ ቁመቱ አጥሮ ፍሬው በተቀራረበ ጊዜ የሚደርሰው የቲማቲም ዓይነት፣ እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ከታየ እንዲህ ያለ አንድ ለውጥ የመጣ ነው።

ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1926 መገባደጃ በጅቡቲ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ጉዞ ጀመሩ። በአዲስ አበባ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ጋር ተገናኙ፤ ከዚያም በበቅሎ እየተጓዙ ከአርሶ አደሩ ማሳ የስንዴ፣ የገብስና የሌሎች ሰብሎችን ናሙና ሰበሰቡ። በዛላው ላይ ጺም የሌለው የማካሮኒ ስንዴም አገኙ፤ ይህም ሕጋቸው አስቀድሞ ይጠቁመው የነበረ ልዩነት ነበር። ኢትዮጵያንም ከዓለም ዋና ዋና የሰብል ብዝኃነት ማዕከላት አንዷ አድርገው መዘገቧት።

የሕይወታቸው ፍጻሜ ግን መራራ ነበር። ለዘረመል ሳይንስ በመቆማቸው በሶቪየት መንግሥት ዘንድ ጥላቻ አተረፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ታሰሩ፤ ለዓለም እህል ሲሹ የኖሩት ሊቅ በጥር 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረሃብ ተጎድተው ሞቱ። ሌኒንግራድ በጠላት ጦር በተከበበችበት ወቅትም በተቋማቸው ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች የተከማቸውን ሩዝና ኦቾሎኒ ሳይነኩ በረሃብ አለቁ። እ.ኤ.አ. በ1955 ቫቪሎቭ ከተመሠረተባቸው ክስ ነጻ ተባሉ።

በኢትዮጵያ የዕፅዋት ዘር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1976 ተቋቋመ። ማዕከሉን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዘሩን ሳይቀር ለመብላት የተገደደው የወሎና የሸዋ አርሶ አደር የአገር ዘሩን መልሶ እንዲያገኝ ሠርተዋል። ዛሬም በሀብሩ ወረዳ፣ በመርሳና በወልድያ መካከል የሚገኘው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለአካባቢው የሚስማሙ ዝርያዎችን ያጠናል።

በመስኖ ቲማቲም የሚያለሙ አርሶ አደሮች ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ቁም ነገር አለ። ከድቅል ቲማቲም የተወሰደ ዘር የእናቱን ጠባይ አይጠብቅም፤ ስለዚህ ለዘር የሚሆነው ድቅል ያልሆነ ዝርያ ነው። ከብዙ ጤናማ ተክሎች በሚገባ የበሰለ ፍሬ ተመርጦ፣ ዘሩ ከነጭማቂው ከሁለት እስከ ሦስት ቀን እንዲብላላ ይደረጋል፤ ከዚያም በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በጥላ ሥር ይደርቃል፤ የዝርያው ስምና የተለቀመበት ቀን ተጽፎበትም በደረቅና ቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጣል።

በማሳው ውስጥ ከሌሎቹ የተለየ ተክል ሲታይ፣ ልዩነቱ የዘረመል ለውጥ ወይም የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል። ቅጠሉ የተጠቀለለ ወይም የተዥጎረጎረ ከሆነ ዘር አይወሰድበትም። ጤናማ ሆኖ መልካም ጠባይ ካሳየ ግን ዘሩን ለብቻው መያዝና በሚቀጥለው ወቅት በተለየ መደብ ዘርቶ ጠባዩ መጽናቱን መመልከት ይገባል። አርሶ አደሮች ለተጨማሪ ምክር በቀበሌያቸው የሚገኘውን የግብርና ልማት ባለሙያ ወይም የወረዳቸውን ግብርና ጽሕፈት ቤት እንዲያነጋግሩ ይመከራል።