ከወይን ተክል እስከ ባሕረ ሐሳብ፦ የገበሬው ድሜጥሮስ ሕይወት

የፋሲካን ቀን የሚያወጣው ስሌት በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የሚነገረው በአንድ ገበሬ ስም ነው። ድሜጥሮስ በግብፅ ምድር የወይን ተክል እየኮተኮተ የሚኖር፣ ባለትዳር፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነበር። ከእርሻው ውጪ የሚታወቅበት ሥራ አልነበረውም።

የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ዩልያኖስ ሊያርፍ ሲቃረብ፣ የወይን ዘለላ ይዞ የሚመጣው ሰው መንበሩን እንደሚወርስ በራእይ እንደተነገረው ትውፊቱ ያስረዳል። በማግስቱ ድሜጥሮስ ያለ ወቅቱ የበሰለ ዘለላ ከማሳው አግኝቶ ለበረከት ይዞ ገባ። በዚህ መንገድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ189 ዓ.ም. ገደማ 12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። ባለትዳር በመሆኑ የተቃወሙት ነበሩ፤ እርሱና ሚስቱ ግን በድንግልና ይኖሩ እንደነበር በፍም እሳት ተፈትኖ ታወቀ ይባላል። ይህም በየዓመቱ መጋቢት 12 ይታሰባል።

መንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የተማረው ሰው ያስጨነቀው ጉዳይ የበዓላት ቀን መበታተን ነበር። ትንሣኤ ከእሑድ፣ ስቅለት ከዓርብ፣ የዐቢይ ጾም መግቢያ ከሰኞ እንዳይወጡ ፈለገ። ጨረቃና ፀሐይ ግን እኩል አይሄዱም፤ የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያንሳል። በትውፊቱ መሠረት ድሜጥሮስ 23 ሱባዔ በሌሊት፣ 7 ሱባዔ በቀን ያዘ። ሱባዔ 7 ቀን ነውና 23 በ7 ሲባዛ 161 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ይህ ጥንተ አበቅቴ ተባለ። 7 በ7 ሲባዛ 49፣ በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል፤ ይህም ጥንተ መጥቅዕ ሆነ። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሞላሉ። ስሌቱንም ለሮም፣ ለአንጾኪያና ለኢየሩሳሌም አባቶች ጽፎ እንደላከ ይነገራል።

አበቅቴ በየዓመቱ በ11 እየጨመረ፣ 30 በሞላ ቁጥር እየተገደፈ ይሄዳል፦ 0፣ 11፣ 22፣ 3፣ 14፣ 25፣ 6 እያለ 18 ላይ ይደርሳል። በእነዚህ 19 ዓመታት ውስጥ አንድም ቁጥር ሁለት ጊዜ አይገባም። በ20ኛው ዓመት ግን 0 ይመለሳል፣ 11ም ይከተላል። እዚህ ላይ በነቀምቴ፣ በጊምቢም ሆነ በደምቢ ዶሎ ተማሪዎች በሒሳብ ክፍል የሚጠይቁት ጥያቄ ይነሣል፦ ቁጥር ሊደጋገም ይችላል ወይ?

መልሱ የሚጻፈው ነገር ዝርዝር ወይስ ስብስብ እንደሆነ በማወቅ ላይ ያርፋል። የየዓመቱ አበቅቴ በተርታ ሲጻፍ ዝርዝር ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ዓመት ስላለው ድግግሞሹ ይቆጠራል፣ ቦታውም አይቀየርም። ምን ምን አበቅቴዎች አሉ ተብሎ ሲጠየቅ ግን የተፈለገው ስብስብ ነው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጌኦርግ ካንቶር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እንደደነገገው የስብስብ አባላት እርስ በርሳቸው የተለዩ ናቸው፤ 11 መቶ ጊዜ ቢጻፍም አንድ አባል ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም፤ ስብስቡ ግን 19 አባላት ብቻ አሉት። የትንሣኤም ነገር እንዲሁ ነው። ዐውደ ቀመር በሚባለው የ532 ዓመት ዑደት 532 የትንሣኤ በዓላት ይከበራሉ፤ የሚውሉባቸው ቀናት ግን ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ያሉት 35ቱ ብቻ ናቸው።

ልዩነቱ በወለጋ ገበያም ይታያል። ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ፋሲካን በአንድ ቀን ስለሚያከብሩ፣ በሬ የሚያደልብ ወይም ቅቤ የሚያጠራቅም ገበሬ በዓሉ ቀድሞ ይገባል ወይስ ይዘገያል ብሎ ማስላቱ አይቀርም። ከ2009 እስከ 2018 ዓ.ም. ትንሣኤ የዋለው ሚያዝያ 8፣ መጋቢት 30፣ ሚያዝያ 20፣ 11፣ 24፣ 16፣ 8፣ 27፣ 12 እና 4 ነበር። ሚያዝያ 8 በ2009ም በ2015ም ገብቷል። በአሥሩ ዓመታት በዓሉ ከሚያዝያ 10 በፊት የዋለው አራት ጊዜ ነው። ድግግሞሹ ተሰርዞ ቢቆጠር ግን ከዘጠኝ ሦስት ይሆናል፤ አንድ ሙሉ የገበያ ዓመት ከነበሬው ጠፋ ማለት ነው። የሒሳብ መምህራንም አማካይ ወይም ድግግሞሽ አስሉ ሲሉ የሚሰጡት ዝርዝር እንጂ ስብስብ አይደለም፤ ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው ሁለቱን አደባልቆ ነው።

የታሪክ ተመራማሪዎች የ19 ዓመቱ ዑደት በአንድ ሰው ዘመን አላለቀም፤ ከድሜጥሮስ በኋላ የተነሡ የእስክንድርያ ሊቃውንት እያሻሻሉት እንደመጡ ያስረዳሉ። ይህ የገበሬውን ስም አላስረሳም። ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ባሕረ ሐሳብን እስከ ዛሬ ሲያስተምሩ የሚጀምሩት ከእርሱ ሱባዔ ነው።

ድሜጥሮስ 43 ዓመት ያህል በመንበሩ ቆየ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከታዋቂው መምህር ከአርጌንስ ጋር ተጋጭቶ ከእስክንድርያ እንዲለይ አድርጎታል፤ ይህ ውሳኔው ዛሬም ያከራክራል። ሲያረጅ መቆም ስላቃተው በወንበር ተሸክመውት እየሄደ ያስተምር እንደነበር ይነገራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ232 ዓ.ም. ገደማ ዐረፈ፤ መታሰቢያውም ጥቅምት 12 ነው።

በስሌቱ መሠረት የ2019 ዓ.ም. መደብ 14፣ ወንበሩ 13፣ አበቅቴው 23፣ መጥቅዑ 7 ነው። ትንሣኤም ሚያዝያ 24 ይውላል፤ ይህ ቀን በ2013ም ገብቶ ነበር። ዝርዝሩ አሥራ አንድ ይደርሳል፤ ስብስቡ ዘጠኝ እንደሆነ ይቀራል።